ሲሚንቶ፣ ጀሪካንና ወገብ፦ ስንዝርና ክንድ ምን ያህል ይለያያሉ?

በዲጅኖ ትልቅ ድንጋይ የፈነቀለ ሰው የወገብን ፊዚክስ ግማሹን ያውቀዋል። ከዲጅኖው ሥር ትንሽ ድንጋይ ለድጋፍ ይገባል። ከድጋፉ ወዲያ ያለው ጫፍ አጭር፣ ወዲህ ያለው እጀታ ረጅም ስለሆነ በትንሽ ጉልበት ከባድ ድንጋይ ይገለበጣል። ጎንበስ ብለን ዕቃ ስናነሳም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው፤ ችግሩ ተገልብጦ መሥራቱ ነው። ድጋፉ ከወገባችን በታች፣ አከርካሪው ከዳሌ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ዲስክ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል፣ ነው። ረጅሙን ጫፍ የያዘው ዕቃው ነው። አጭሩን ጫፍ ይዘው የሚታገሉት ደግሞ ከዲስኩ ኋላ ያሉት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። ከዲስኩ መሃል እስከ እነዚህ ጡንቻዎች ያለው ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ጣት ቢሆን ነው።

በዚህ ምክንያት ዕቃውን ከማንሳት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ሁለት ነው፦ ስንት ኪሎ ነው? ከወገቤ ምን ያህል ይርቃል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ያነሳል።

ሒሳቡ

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ፣ ማለትም ራሱ፣ ክንዶቹና ደረቱ፣ 35 ኪሎ ያህል ነው እንበል። ለሒሳብ እንዲቀል 1 ኪሎን በ10 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) እናስላ።

መጀመሪያ መሬት ላይ የወደቀ ማንኪያ ሊያነሳ ጎንበስ ይበል። የላይኛው አካሉ የክብደት መሃል ከዲስኩ 25 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። 350 ኒውተን በ0.25 ሜትር ሲባዛ 87.5 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ አካሉን ወደ ፊት የሚደፋው ጫና ይህ ነው። ይህን የሚመልሱት ጡንቻዎች ከዲስኩ ያላቸው ርቀት 0.05 ሜትር ብቻ ስለሆነ 1750 ኒውተን መሳብ አለባቸው። የሰውነቱ ክብደት በዲስኩ ላይ የሚያሳርፈው ሲደመርበት 1900 ኒውተን ይጠጋል፤ ማለትም 190 ኪሎ። ለማንኪያ! «ምንም ሳላነሳ ወገቤን ቀጨኝ» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ራሱን አንስቷል።

አሁን እዚያው እንደ ጎበጠ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይያዝ። እጁ ከትከሻው ቁልቁል ስለሚንጠለጠል ከረጢቱ ከዲስኩ 45 ሳ.ሜ. ይርቃል። 500 ኒውተን በ0.45 ሲባዛ 225 ነው፤ የራሱ አካል 87.5 ሲጨመርበት 312 ገደማ። ለ0.05 ስናካፍለው 6250 ኒውተን ይመጣል። ክብደቶቹ በቀጥታ የሚጫኑት ሲታከል ዲስኩ ላይ የሚያርፈው 6700 ኒውተን፣ ወይም ከስድስት ኩንታል ተኩል በላይ ነው።

ያንኑ ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጀርባውን ቀና አድርጎ ቢያነሳውስ? ከረጢቱ 25 ሳ.ሜ.፣ የራሱ አካል 12 ሳ.ሜ. ቢርቅ ድምሩ 167 ኒውተን ሜትር ነው። ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ወደ 4100 ኒውተን ይወርዳል። ከረጢቱን ሁለት ሰው ቢካፈለውና ሁለቱም ቢያስጠጉት ግን ለእያንዳንዱ 2600 ገደማ ይደርሳል።

የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ በአጭሩ ናዮሽ፣ ለዚህ ዲስክ የሚጠቀምበት የግፊት ወሰን 3400 ኒውተን ነው። ከእነዚህ ሦስት አነሳሶች ከወሰኑ በታች ያለው ለሁለት የተነሳው ብቻ ነው። በትክክለኛ አያያዝ የተነሳ 50 ኪሎም ለአንድ ሰው ከወሰን በላይ ነው፤ ይህን የማይናገር የ«አነሳስ ትምህርት» ግማሽ ትምህርት ነው።

ስንዝርና ክንድ

በቦታው ሜትር የሚይዝ የለም፤ እጅ ግን አለ። አንድ ስንዝር ከ20 እስከ 23 ሳ.ሜ. ነው፤ አንድ ክንድ ከ45 እስከ 50። የዕቃው መሃል ከሆድዎ ስንዝር ሳይሞላ ከራቀ በጥሩ ቦታ ላይ ነዎት። አንድ ክንድ ከራቀ የዕቃው ጫና ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው ቀመርም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሁሉ ነገር ምቹ ሲሆን የሚፈቅደው 23 ኪሎ ነው፤ ምቹ ማለት ዕቃው ከቁርጭምጭሚት መሃል 25 ሳ.ሜ. ብቻ ሲርቅ፣ መያዣው ከመሬት 75 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ሰውየው ሳይጠማዘዝና ሳይደጋግም ሲያነሳ ነው። ርቀቱ ሲጨምር 25ን ለርቀቱ አካፍሎ በ23 ማባዛት ነው፤ በ40 ሳ.ሜ. ላይ 14 ኪሎ ተኩል አይሞላም። በዚሁ ርቀት ዕቃው ከመሬት 20 ሳ.ሜ. ላይ ሆኖ እስከ 1 ሜትር ከተነሳ የከፍታውና የጉዞው ቅናሽ ተደምሮ 10 ኪሎ ተኩል ያህል ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ ያለ የሲሚንቶ ከረጢት ከተፈቀደው አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

በሕይወት ባለ ሰው ላይም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ የጀርመን ጥናት በፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ ገብቶ ነበር። ዝም ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋ ፓስካል ነው። 20 ኪሎ ገደማ ዕቃ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ 2.3፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ 1.7፣ ካነሳ በኋላ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዘው 1.1 ሆኗል።

«ጉልበትህን አጥፍ» የሚለው ምክር መቼ ይሠራል?

ዕቃው በሁለት ጉልበት መካከል የሚገባ ከሆነ። ጀሪካን ይገባል፤ የቆመ የሲሚንቶ ከረጢትም ይገባል። ትልቅ ካርቶን ወይም ቴሌቪዥን ግን አይገባም፤ ቁጢጥ ብለው ከጉልበትዎ ፊት ከያዙት ጉልበትዎ ራሱ ዕቃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ርቀቱም ይብሳል። እንዲህ ያለውን ዕቃ መጀመሪያ በአንድ ማዕዘኑ አቁመው ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉት። ካልሆነ ለሁለት ይነሳ። ጉልበቱ የሚታጠፈው ዕቃው እንዲጠጋ ነው፤ ካላስጠጋ ጉልበት ማድከም ብቻ ነው የሚሆነው።

ከማንሳትዎ በፊት

ዕቃውን በእግርዎ ወይም በአንድ እጅዎ ትንሽ ወዝወዝ ያድርጉት። ክብደቱን ያልገመተ ሰው ቀለል ይላል ብሎ መንጭቆ ያነሳል፤ መመንጨቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ጭነት ነው። ዕቃ በሰከንድ ስኩዌር 5 ሜትር ፍጥነት ጭማሪ ከተመነጨቀ 50 ኪሎው ለዚያች ቅጽበት 75 ኪሎ ይሆናል።

የሚሄዱበትን መንገድና የሚያሳርፉበትን ቦታ አስቀድመው ይዩ። ተሸክሞ «የት ላድርገው?» የሚል ሰው በቆመበት ይጠማዘዛል።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ዲስክ ሌሊት ውኃ ስቦ ያብጣል፤ ጠዋት ቁመታችን ከማታው አንድ ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ ሲታጠፍ ይበልጥ ይወጠራል፤ ስለዚህ ከእንቅልፍ ከተነሱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ጎንበስ ብሎ ከባድ ማንሳትን ያዘግዩ። ረጅም መንገድ ነድቶ እንደ ደረሰ ጭነት የሚያወርድ ሾፌርና ረዳትም ሌላ ችግር አለባቸው፦ ለሰዓታት ተቀምጠው የጀርባ ጅማታቸው ተስቦ ላልቷል። ወርደው ጥቂት ደቂቃ ይራመዱ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ ቀስ ብለው ይለጠጡ፣ ከዚያ ይጀምሩ።

ሲሚንቶ ከመሬት ሲነሳ

ረዳት ካለ ለሁለት ያንሱት ወይም ባሬላ ይጠቀሙ። የሚከተለው ሰው በጠፋበት ጊዜ ነው።

1. ከረጢቱን በጠባብ ጫፉ ያቁሙት። ተኝቶ ያለን ከረጢት አንዱን ጫፍ ብቻ ሲያነሱ ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ስለሚቀር እጅዎ ላይ የሚመጣው ግማሹ፣ 25 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሲያደርጉ ከጫፉ አጠገብ ጠጋ ብለው፣ እግርዎን ከፈት አድርገው ይሁን። ወረቀቱ ከረጠበ ጥጉ ይቀደዳል፤ ሲቀደድ ደግሞ ሰው በደመ ነፍስ ሊቀልበው ይጎብጣል። የረጠበውን ከረጢት ለብቻው ለይተው በባሬላ ይውሰዱት።

2. አንድ ጉልበትዎን ከከረጢቱ ጎን መሬት ላይ ያሳርፉ። የሌላውን እግርዎን መዳፍ በከረጢቱ ሌላ ጎን ሙሉ በሙሉ ይርገጡ። ከረጢቱ በሁለቱ ታፋዎችዎ መካከል ቆሟል ማለት ነው።

3. ወደ ደረትዎ ዘንበል አድርገው ይቀፉት፤ አንድ እጅ ከሥር ጥጉን፣ ሌላው ከላይ ዞሮ ጀርባውን ይያዝ።

4. እያንሸራተቱ ወደ ቆመው እግርዎ ታፋ ላይ ያውጡት። እዚህ ላይ ይረፉ። የጉዞው አንድ ሦስተኛ አልፏል፣ ወገብዎም ገና ብዙ አልከፈለም።

5. አየር ሳብ፣ ሆድ ጠበቅ አድርገው በሁለቱም እግር ይነሱ። እዚህ ላይ በጣም የሚበዛው ስህተት አለ፦ መቀመጫ ቀድሞ ይነሳና ደረት ወደ ኋላ ይቀራል። እግሮች ተዘረጉ፣ ከረጢቱ ግን እዚያው ነው፤ የቀረውን ሥራ በሙሉ ጎብጦ የቀረው ጀርባ ይሠራዋል። ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው በቀላሉ ያውቀዋል፤ ደረትና መቀመጫ እኩል መነሳት አለባቸው።

6. ለመዞር እግርዎን ያንቀሳቅሱ። የዲስኩ ውጫዊ ቀለበት በየንብርብሩ አቅጣጫውን በሚለዋውጥ ጭረት የተሠራ ነው፤ አንዱ ንብርብር ወደ ቀኝ፣ ተከታዩ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወገብ ሲጠማዘዝ ግማሹ ንብርብር ይወጠራል፣ ግማሹ ይላላል። ስለዚህ ጎብጦ እየተጠማዘዘ የሚያነሳ ሰው ጭነቱን በግማሽ ዲስክ ተሸከመው ማለት ይቻላል።

ማውረዱ የዚሁ ግልባጭ ነው። ከተቻለ ግን መሬት ላይ አያውርዱ፤ ሲሚንቶ ከእርጥበት እንዲርቅ ጣውላ ላይ መቀመጡ አይቀርም፣ ያንን ጣውላ በብሎኬት እስከ ጉልበት ከፍ ማድረግ ነገ የሚያነሳውን ሰው ወገብ ያድናል።

ለሁለት ሲነሳ ቁጥሩን አስቀድመው ይስማሙ። አንዱ «ሦስት» ሲባል፣ ሌላው ከ«ሦስት» በኋላ «ሆ!» ሲባል ካነሳ ለግማሽ ሰከንድ ሙሉው 50 ኪሎ አንዱ ላይ ነው።

ከመኪና ላይ ሲራገፍ

ይህ ከመሬት ማንሳትን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ዕድል ስለሆነ አያባክኑት። ስፖንዳው ሲወርድ የመኪናው አልጋ ከደረት እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ላይ ነው። ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ከረጢቱን ወይም ኩንታሉን እስከ ጠርዙ ገፍተው ያምጡ፤ ተሸካሚው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጉልበቱን ትንሽ ሸብረክ አድርጎ ይቁምና በማጅራቱና በትከሻው መካከል ይጫኑለት።

ጫኝና አውራጆች 100 ኪሎ ተሸክመው የሚሄዱበት ምስጢር ይኸው ርቀት ነው። ሸክሙ በአከርካሪው ቀጥታ አናት ላይ ሲያርፍ ርቀቱ ዜሮ ይጠጋል፤ 1000 ኒውተን እንደ 1000 ይቆጠራል፣ አይባዛም። ግን ኩንታሉ 10 ሳ.ሜ. ብቻ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ጡንቻዎቹ ተጨማሪ 2000 ኒውተን መሳብ አለባቸው። አንድ ያልታየ ደረጃ ወይም ጭቃ 10 ሳ.ሜ. ለማንሸራተት ይበቃል። ልምድ ሚዛኑን ይጠብቃል እንጂ ዲስኩን አያጠነክረውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው፤ ኩንታሉን ግማሽ ግማሽ አድርጎ ማሰር ለአሠሪው የሚያስወጣው ተጨማሪ ማዳበሪያ ብቻ ነው።

ጀሪካን

የ20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከነ ራሱ 21 ኪሎ ያህል ነው። በአንድ እጅ ሲያዝ ከአከርካሪው ወደ ጎን 28 ሳ.ሜ. ይርቃል፤ 59 ኒውተን ሜትር። የተቃራኒው ጎን ጡንቻዎች ከአከርካሪው ያላቸውን ርቀት 7 ሳ.ሜ. ብንል፣ የጀሪካኑና የላይኛው አካል ክብደት ሲደመር ዲስኩ ላይ 1400 ኒውተን ያርፋል። በሁለቱም እጅ አንድ አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ በድምሩ 42 ኪሎ፣ ቢያዝ ግን ጎኖቹ ስለሚጣጣሉ 770 ኒውተን ብቻ ነው። ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ጫናው በግማሽ ገደማ ቀነሰ! ይህ ማለት 40 ሊትር ይሸከሙ ማለት አይደለም፤ 20 ሊትሩን በሁለት ባለ 10 ሊትር ይከፋፍሉት ማለት ነው። ሌላ ዕቃ ከሌለ በየ30 እና 40 እርምጃው እጅ ይለዋውጡ።

ግማሽ የሞላ ጀሪካን ውኃው ወዲያና ወዲህ ይላጋል፤ በደረጃ ላይ ሲላጋ ሚዛን ያስታል። ሞልተው ይክደኑት፣ ወይም ትንሹን ዕቃ ሞልተው ይያዙ።

በጀርባ ለሚሸከሙ፣ እንስራም ሆነ ጀሪካን፣ መንገዱ ላይ ካለው ይልቅ መነሳቱ ይከብዳል። መሬት ላይ ተቀምጦ ገመዱን በደረት አስሮ ወደ ፊት ተስቦ መነሳት የማንኪያውን ሒሳብ በ20 ኪሎ ያባብሰዋል። ቦኖው ወይም ምንጩ ዘንድ ከመቀመጫ እስከ ወገብዎ በሚደርስ ከፍታ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የግንብ ማሳረፊያ ይኑር። ጀሪካኑን መሬት ላይ ሳይሆን ማሳረፊያው ላይ አስቀምጠው ይቅዱት፤ ጀርባዎን ሰጥተው አስረው ቀጥ ብለው ይሂዱ። ቤት ሲደርሱም በሌላ ማሳረፊያ ላይ ይውረድ።

ጋዝ ሲሊንደር በጀሪካን አያያዝ አይነሳም። የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ የጋዙን ኪሎ ይደምሩበት። በጠፍጣፋ ወለል ላይ በሥሩ ጠርዝ ዘንበል አድርጎ እያሽከረከሩ መውሰድ ይበቃል፤ ደረጃ ካለ ለሁለት።

መቀነትና ቀበቶ

ሸክም ሲመጣ ወገብን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ የቆየ ልማድ ነው። ሆድ ሲጠብቅ በውስጡ ያለው ግፊት ጨምሮ አከርካሪውን ከፊት በኩል ይደግፋል፤ ሆድዎን ራስዎ ሲያጠብቁትም ይኸው ይገኛል። ቀበቶ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት ይጠብቃል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1994 ገልጿል። ደስ ካለዎት ይታጠቁ፣ ግን ታጠቅሁ ብለው ኪሎ አይጨምሩ።

ከተቀጨ በኋላ

ሕመሙ ወገብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን በጀርባ ተኝቶ እግርን ወንበር ላይ አጥፎ ማሳረፍ ያቀላል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ግን አይተኙ፤ አጭር አጭር እየተራመዱ መቆየት ከመተኛት ይሻላል።

ሕመሙ ከመቀመጫ አልፎ እስከ ባትና እግር ከወረደ፣ እግር ከደነዘዘ፣ ወጌሻ ጠምዝዞ ወይም ስቦ እንዳያሽ ይከልክሉ፤ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። በታፋዎች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት ከተከለከለ ወይም ካመለጠ፣ ወይም ሲራመዱ እግር እየተጎተተ ከሆነ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፣ መዘግየቱ ዘላቂ ጉዳት ያመጣል።

ወደ ሥራ ሲመለሱ ከወገብ ከፍታ ላይ፣ ከስንዝር ባልራቀ፣ ከ5 ኪሎ ባልበለጠ ዕቃ ይጀምሩ። በማግስቱ ሕመሙ ካልጨመረ ኪሎውን ይጨምሩ፤ ከመሬት ማንሳቱን ግን ለመጨረሻ ያቆዩት።